«እክስሃለሁ» በእንግሊዝኛ፦ «አቶን» የሚለውን ግስ ሳትሳሳቱ የምትጠቀሙበት መንገድ

«አይ ዊል አቶን ዩ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በተማሪ ደብተርም በሥራ ኢሜይልም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከሁሉም ቀድሜ የጻፍኩት ግን እኔው ነኝ። አንድ ጊዜ ሪፖርት በቀኑ ሳላደርስ ቀረሁና አማርኛ ለማያውቅ የሥራ ባልደረባዬ «እክስሃለሁ» ልለው አሰብኩ። መዝገበ ቃላት ገልጬ ከ«ካሰ» አጠገብ «አቶን»ን አገኘሁት፤ እንዳለ ወሰድኩና ላክሁለት። «ኃጢአት አልሠራህም እኮ፤ ፋይሉን ብቻ ላክልኝ» የሚል መልስ መጣልኝ። ቀልዶ አለፈኝ። በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥፋት እንዳጠፋሁ የገባኝ ቆይቶ ነው፦ ግሱ ለጉዳዩ ከብዷል፣ ሰውየው ደግሞ በማይገባበት ቦታ ገብቷል።

ከዚህ በታች የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገሮች በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ። በዓይናችሁ ብቻ አትለፏቸው፤ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ልትሉት ያሰባችሁትን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። ከዚያ ሦስት ነገሮችን ለይታችሁ ከሥሩ አስፍሩ፦

1. በደሉ ምንድን ነው?
2. የተበደለው ማን ነው?
3. በደሉ የሚካሰው በምንድን ነው?

ይህን ሳታደርጉ ወደ እንግሊዝኛው አትግቡ። «እክስሃለሁ» ስትሉ ካሹም ተካሹም በአንዲት ቃል ውስጥ አሉ፤ በደሉ ግን የለም፣ ሁለታችሁም ስለምታውቁት መጥራት አላስፈለገም። «አቶን» የተገላቢጦሽ ነው። የሚፈልገው በደሉን ነው፤ ለተበዳዩ ከጎኑ ያዘጋጀለት ወንበር የለም። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ካሰ» ከሚለው ፊት የተደረደሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ እኩያ አትቁጠሯቸው። መዝገበ ቃላት የቃሉን ዘመድ ያሳያችኋል እንጂ ከኋላው ምን መከተል እንዳለበት ሁልጊዜ አይነግራችሁም። ቢያንስ ሁለት ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው መዝገበ ቃላት ያዙ።

ደረጃ 1፦ ግሱን ከጉዳዩ ጋር መዝኑ

«አቶን» ከባድ ግስ ነው። አንድ ሰው አጥፍቶ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ጥፋቱን የሚመጥን ነገር ሲያደርግ ወይም ሲከፍል ይነገራል። ማዘን ብቻውን አይበቃውም፤ «ይቅርታ» ማለትም አይበቃውም። ድርጊት ይፈልጋል።

ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ራሳችሁን ጠይቁ። «አዎ» ያላችሁበት ላይ ቁሙ።

1. የማደርገው በቃል ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነው? «አፖሎጃይዝ» በሉ።
2. ጉዳዩ ቀላል ነው፣ ማርፈድ ወይም ስልክ አለማንሳት? «ሜክ አፕ ፎር» በሉ።
3. ጉዳቱ በገንዘብ የሚተካ ነው፣ ኢንሹራንስ ወይም ፍርድ ቤት አለበት? «ኮምፐንሴት» በሉ።
4. የማወራው በልብ መጸጸትንና ከክፉ መመለስን ነው? «ሪፔንት» በሉ።
5. የተጣሉ ሰዎች ታረቁ ማለቴ ነው? «ሪከንሳይል» በሉ።
6. ጥፋቱ ከባድ ነው፣ ጥፋተኛውም በተግባር እየካሰው ነው? አሁን «አቶን»ን አውጡ።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይስታል። በአማርኛ ኢንሹራንሱም «ካሰ»፣ በዳዩም «ካሰ» ይባላል። ኢንሹራንሱ ግን መኪናውን አልገጨም፤ በውሉ መሠረት ከፈለ እንጂ የሚያስተሰርየው በደል የለበትም። «ዘ ኢንሹራንስ ካምፓኒ አቶንድ» ብትሉ ኩባንያው ራሱ ወንጀል ሠርቶ የተጸጸተ ይመስላል። ሰው የሌላውን በደል በራሱ ላይ ወስዶ «አቶን» ሊያደርግ ይችላል፤ ልጆች ለአባቶቻቸው ኃጢአት ከፈሉ ሲባል እንዲህ ነው። በደሉ ራሱ ከሌለ ግን ግሱ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ክብደቱን ሆን ብለው የሚያቀሉት ሰዎችም አሉ። የእንግሊዝኛ የእግር ኳስ ዘገባ ብታነቡ ፍጹም ቅጣት ምት ያባከነ ተጫዋች ኋላ ጎል ሲያስቆጥር «አቶንድ ፎር ሂዝ ሚስ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ቋንቋውን የለመደ ሰው ለቀልድም ይጠቀምበታል፤ ለሳምንት ስፖርት ሳይሠራ ቆይቶ ዛሬ «እያስተሰረይኩ ነው» ይላል። ቀልዱ የሚሠራው አድማጩ የግሱን ክብደት ስለሚያውቅ ነው። እስክትለምዱት ድረስ ቀልዱን ተዉት።

ደረጃ 2፦ ፊደሉንና ድምፁን ያዙ

ቃሉ አምስት ፊደል ነው፦ ኤ፣ ቲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኢ። ሁለት ቲ አትጻፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት «አት» የሚለው መስተዋድድ፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ «አንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቁጥር ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ቃሉ የተወለደው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው፣ «አንድ መሆን» ከሚለው ሐሳብ። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ፊደሉን ለማስታወስ ነው።

ስታነቡት ቁጥሩን እንደምትጠሩት «ዋን» አትበሉ። «አሎን» ከሚለው ቃል ጋር ቤት ይመታል። የመጀመሪያዋ ድምፅ ደካማ ናት፣ እንደ «ኧ»፤ ጉልበቱን «ቶን» ላይ ጣሉት። እኛ ጆሮ ውስጥ «እቶን» የሚለው ስለሚቀድም የመጀመሪያውን ክፍል አጥብቆ የመጥራት ልማድ አለ፤ አላሉት። ሲረባ «አቶንዝ»፣ «አቶንድ»፣ «አቶኒንግ» ይሆናል። ያለፈውን ጊዜ «አቶኒድ» ብላችሁ አታስረዝሙት፤ መጨረሻው «ንድ» ብቻ ነው። በ«ኢንግ» ሲጨርስ የመጨረሻዋ ኢ ትወድቃለች።

ደረጃ 3፦ በደሉን ከ«ፎር» ኋላ አስቀምጡ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ስህተት፦ «ሂ አቶንድ ሂዝ ሚስቴክ።»
ትክክል፦ «ሂ አቶንድ ፎር ሂዝ ሚስቴክ።»

ስህተቱ የሚመጣው ከአማርኛችን ነው። «ጥፋቱን ካሰ» ስንል «ን» ጥፋቱን ተሳቢ ታደርገዋለች፤ ግሱ በቀጥታ ጥፋቱ ላይ ያርፋል። «አቶን» ተሳቢ አይቀበልም። በግሱና በበደሉ መካከል «ፎር» ሁልጊዜ ቆማ ታስተላልፋለች። ልምምድ ስታደርጉ ቃሉን ለብቻው አታጥኑት፤ «አቶን-ፎር» ብላችሁ እንደ አንድ ቃል በቃላችሁ ያዙት።

ከ«ፎር» ኋላ የሚገቡት ሦስት ዓይነት ናቸው፦

1. ስም፦ «ፎር ሂዝ ክራይምዝ»፣ ስለ ወንጀሎቹ። ኃጢአት፣ ስህተት፣ ውድቀት፣ ያለፈ ሕይወትም እዚህ ይገባሉ።
2. በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ፦ «ፎር ላይንግ»፣ ስለ መዋሸቱ።
3. በ«ዋት» የሚጀምር ሐረግ፦ «ፎር ዋት ሂ ዲድ»፣ ስላደረገው ነገር።

«ፎር ቱ ላይ» አትበሉ። «ፎር ሂ ላይድ»ም አትበሉ። «ስለ ዋሸ» የሚለውን ቃል በቃል ስትገለብጡት የሚወጣው ይኸኛው ነው።

ጥያቄ ሲሆን «ፎር» ወደ መጨረሻ ትሄዳለች እንጂ አትጠፋም፦ «ዋት አር ዩ አቶኒንግ ፎር?» ምኑን ነው የምትክሰው? ዓረፍተ ነገር በ«ፎር» ማለቁ አያስፈራችሁ።

«ፎር» የምትቀርበት አንድ ሁኔታ አለ። በደሉ ቀድሞ ከተነገረና አንባቢው ካወቀው ግሱ ብቻውን ሊቆም ይችላል፦ «ሂ ዎንትስ ኤ ቻንስ ቱ አቶን»፣ የሚክስበት ዕድል ይፈልጋል። እዚህ በደሉም «ፎር»ም አብረው ቀርተዋል። በደሉ ካለ «ፎር» አለች፤ ከሌለ የለችም።

ደረጃ 4፦ ሰውየውን የት እናስገባው?

ያች የ«አይ ዊል አቶን ዩ» ጣጣ እዚህ ትፈታለች። ግሱ ተሳቢ ስለማይቀበል «ዩ» ከኋላው መግባት አይችልም።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ቶሎ ብለው «ፎር» ይጨምሩና «አይ አቶንድ ፎር ማይ ማዘር» ይላሉ። የባሰ ጉድ ነው። የእኛ «ለ» ለሰውም ለነገርም ታገለግላለች፤ «ፎር» ግን እዚህ ቦታ ላይ የምትጠራው ጥፋቱን ነው። የእንግሊዝኛ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩን ሲያየው ወይ እናትህ ራሷ ጥፋት ሆነችበት፣ ወይ እሷ ያጠፋችውን አንተ ከፈልክላት። «እናቴን ካስኳት» የሚለው የትም የለም።

«አቶን ቱ» ማለትም አያዋጣም፤ በዛሬው እንግሊዝኛ የተለመደ አይደለም። መውጫው ሦስት ነው፦

1. ሰውየውን በደሉ ውስጥ አስገቡት። «አይ ዎንት ቱ አቶን ፎር ዋት አይ ዲድ ቱ ማይ ማዘር»፣ እናቴ ላይ ያደረግኩትን መካስ እፈልጋለሁ። «ፎር» በደሉን ይዛለች፣ እናትየዋ በ«ቱ» በኩል ገብታለች። እኔ አብዝቼ የምጠቀመው ይህን ነው።

2. ግሱን ቀይሩ። «ሜክ አሜንድዝ» ክብደቱ ከ«አቶን» ብዙ አይርቅም፤ ሰውንም በደልንም ያስተናግዳል፦ «አይ ዎንት ቱ ሜክ አሜንድዝ ቱ ማይ ማዘር ፎር ዋት አይ ዲድ።» ሰው በ«ቱ»፣ በደል በ«ፎር»። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ዝ» እንዳትጥሉ። «አሜንድ» ያለ እሷ ሕግን ወይም ጽሑፍን ማሻሻል ነው፤ «አይ አሜንድድ ማይ ማዘር» ብትሉ እናታችሁን እንደ አዋጅ አንቀጽ አሻሻላችኋት።

3. ወሬው የዕለት ተዕለት ከሆነ «አይል ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» በሉ። «እክስሃለሁ»፣ «እክስሻለሁ» የምንለው በእንግሊዝኛ እሱ ነው። ለባልደረባዬ መላክ የነበረብኝም ይኸው ነበር።

ደረጃ 5፦ መካሻውን በ«ባይ» አምጡ

በምን እንደሚካስ ስትናገሩ «ባይ» ካላችሁ በኋላ ግሱን በ«ኢንግ» ጨርሱት፦ «ሺ አቶንድ ፎር ኸር ሚስቴክ ባይ ኸልፒንግ ዘ ቪክቲምዝ።» ተጎጂዎችን በመርዳት ስህተቷን ካሰች። «ባይ ኸልፕ» ስህተት ነው።

መካሻው ድርጊት ሳይሆን ስም ከሆነ «ዊዝ» ይመጣል፦ «ሂ አቶንድ ፎር ሂዝ ክራይምዝ ዊዝ ሂዝ ላይፍ»፣ ወንጀሎቹን በሕይወቱ ከፈለ። አማርኛ ለሁለቱም «በ» ስለሚል መለየቱ የእናንተ ሥራ ነው።

ደረጃ 6፦ ጊዜውን ምረጡ

«አቶንድ» ያለቀለት ነው፤ ካሰ፣ ተዘጋ። ስለ ራሳችሁ ስትጽፉ ይህን ተጠንቀቁ። «አይ ሃቭ አቶንድ ፎር ኢት» ማለት «ዕዳዬን ከፍዬ ጨርሻለሁ» ብሎ ለራስ መፍረድ ነው፤ ተበዳዩ ቢያነበው ይቆጣል። «አይ አም ትራይንግ ቱ አቶን ፎር ኢት» በሉ፣ ልክሰው እየሞከርኩ ነው። መካስ የበዳዩ ሥራ ነው፤ ይቅር ማለት የተበዳዩ። አንዱ ሌላውን አይጨምርም። «ኃጢአቱ ተሰረየለት» ስንል ሁለቱ ይቀላቀሉብናልና ይህን ዓረፍተ ነገር ስትተረጉሙ የተናገራችሁት ስለ ይቅርታ ሰጪው ከሆነ «ፎርጊቭ» ነው የሚያስፈልጋችሁ።

በተደራጊ ሲሆን «ፎር» ከግሱ ጋር ተጣብቃ ትቀራለች፦ «ዘ ሚስቴክ ሃዝ ቢን አቶንድ ፎር»፣ ስህተቱ ተካሰ። መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ ስትቀር የተረሳች መስሏችሁ አትሰርዟት።

ደረጃ 7፦ ስሙን ስትፈልጉ

ስሙ «አቶንመንት» ነው፤ እዚህ ላይ ኢ አትወድቅም። እሱም «ፎር» ይከተለዋል። በአማርኛ የሚቀርበው «ማስተስረያ» ነው፤ «ካሳ» አይደለም። የኢንሹራንስ ካሳን «አቶንመንት» ብሎ የተረጎመ ደብዳቤ አይቻለሁ፤ የሚፈለገው «ኮምፐንሴሽን» ነበር። ዘሌዋውያን ላይ የምናነበው የማስተስረያ ቀን፣ አይሁድ ዮም ኪፑር የሚሉት፣ በእንግሊዝኛ «ዴይ ኦቭ አቶንመንት» ነው፤ ቀኑን ስትጠሩ ሁለቱን ዋና ቃላት በትልቅ ፊደል ጀምሯቸው።

መንፈሳዊ ጽሑፍ ለምትተረጉሙ አንድ ማሳሰቢያ፦ በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሮሜ 5፥11 ላይ «አቶንመንት» የተባለው የእኛው «መታረቅ» የሚለው ነው፤ ኋላ የመጡ ብዙ ትርጉሞችም ወደ «ሪከንሲሊዬሽን» ቀይረውታል። የቆየ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ ቃሉን አይታችሁ ብቻ «ማስተስረያ» አትበሉ፤ ዙሪያውን አንብቡ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ከጥሬው እስከ መጨረሻው

አንዲት ተማሪ ይዛልኝ የመጣችው ሐሳብ ይህ ነበር፦ «የጓደኛዬን ምስጢር አውጥቼ በድያታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከጎኗ ሆኜ እየካስኳት ነው።» የጻፈችው ደግሞ፦ «አይ አም አቶኒንግ ማይ ፍሬንድ ባይ ስታንድ ባይ ኸር።»

በደሉ ምስጢር ማውጣት ነው፤ እንግሊዝኛው ውስጥ ጭራሽ የለም። ጓደኛዋ ተሳቢ ሆና ገብታለች። «ስታንድ» «ኢንግ» ጎድሎታል። ደረጃዎቹን ስንከተል ይህ ወጣ፦ «አይ አም ትራይንግ ቱ አቶን ፎር ሪቪሊንግ ማይ ፍሬንድዝ ሲክሬት ባይ ስታንዲንግ ባይ ኸር።» ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን ጮክ ብላ ስታነበው መሀል ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ «ባይ» ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ የመጀመሪያው መካሻውን ያመጣል፣ ሁለተኛው ከጎን መቆም ነው። ሁለት ቦታ ቆረጥነው፦ «አይ ሪቪልድ ማይ ፍሬንድዝ ሲክሬት። አይ ሃቭ ቢን ትራይንግ ቱ አቶን ፎር ኢት ኤቨር ሲንስ።» ከጎኗ መቆሟን በሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ጨመረችው። ከመጠን በላይ ያጨቃችሁት ሲመስላችሁ እናንተም ቁረጡት።

ሲበላሽባችሁ

አንባቢው «ምኑን?» ብሎ ከጠየቃችሁ፦ በደሉን ረስታችኋል። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

አንባቢው ከሳቀ፦ ግሱ ከብዷል። «አቶን ፎር»ን አውጥታችሁ «ሜክ አፕ ፎር» አስገቡ፤ ሌላውን ዓረፍተ ነገር መንካት አያስፈልግም።

የፊደል አራሚው ዝም ካለ፦ አትመኑት። በቲ ፈንታ ኤል ከመታችሁ «አሎን» ይሆናል፤ እሱም ትክክለኛ ቃል ስለሆነ ቀይ መስመር አይመጣም። በዓይናችሁ ፈልጉት።

የተሳሳተው መልእክት ከሄደ፦ ስለ ሰዋስዉ ረጅም ማብራሪያ አትላኩ። «አይ ሜንት፣ አይል ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» ብላችሁ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ሳታዩ እነዚህን በእንግሊዝኛ በሉ።

1. ያለፈ ሕይወቱን ለመካስ ሞከረ።
2. በመዋሸቴ እክስሻለሁ።
3. ይህ በደል ሊካስ አይችልም።
4. ይቅርታ፣ እግርህን ረገጥኩህ።

የመጀመሪያው «ሂ ትራይድ ቱ አቶን ፎር ሂዝ ፓስት» ነው። ሁለተኛው ላይ «ሻለሁ» ውስጥ ሰው አለች፤ ስለዚህ «አይል ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ ፎር ላይንግ»፣ ውሸቱ ከባድ ከነበረ ደግሞ «አይ ዊል ሜክ አሜንድዝ ቱ ዩ ፎር ላይንግ»። ሦስተኛው «ዚስ ሮንግ ካን ኔቨር ቢ አቶንድ ፎር»፤ «ፎር»ን መጨረሻ ላይ ካላገኛችኋት ደረጃ 6ን ድገሙ። አራተኛው «ሶሪ» ብቻ ነው።